«የትኛዋን ልከራይ?» ላልከኝ

አብሽር፣ አትቸኩል፤ ገና ነው ማለዳ፣
ጉሙ አልተነሣም ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ሜዳ።
ሁለት ጀልባዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይሄዳሉ፣
ልዩነቱን ግን ሆድና ወገብህ ይፈርዳሉ።

ይቺ ቀጭኗ፣ ባለ አንድ ሆዷ፣
ፍየል ናት በቃ፤ አይታወቅም መንገዷ።
መሪዋን በአንድ ጣት ነካ ሲያደርጓት
እዚያው ትዞራለች፣ ስሟን እንደጠሯት።
ግን ከቀትር ወዲያ ነፋሱ ሲመጣ
በጎን ትተኛለች፤ ሻይህም ሳይጠጣ
ጭንህ ላይ ይደፋል።
ባለፈው ሳምንት አንድ የውጫሌ ሙሽራ
ሱፉን እንደለበሰ፣ ከሚዜዎቹ ጋራ፣
ቁርሱን ለቆሮሶ አብልቶ ተመለሰ።
እኛ አልሳቅንም፤ ዓሣው ግን ደገሰ።

ያቺኛዋ መንታ ናት።
ሁለት ሆድ፣ አንድ ወለል፣ ከፊቷ መረብ፤
ልጆች በደረታቸው ተኝተው ውኃውን ማንበብ
ይወዱላታል።
አታዘምም። ሽማግሌ ቆሞ ይሄድባታል፣
ነፍሰ ጡር ሴት እንቅልፍ ይወስዳታል፣
ብርጭቆ ካኖሩት ቦታ ይገኛል።

ግን ለገበያ ብዬ አልዋሽህም፤
ለመዞር ሐረጎን እንደሚወጣ ተሳቢ ነች፣
ተንፍሳ፣ አስባ፣ መንገዱን ሁሉ ይዛ ትዞራለች።
ሞገዱ ካየለ ከወለሏ ሥር ይገባል፣
ጧ! አድርጎ በጥፊ ይላታል፣
አዲስ ሰው ጫማውን ይፈልጋል።
ለማሰሪያም የሁለት ጀልባ ቦታ ትበላለች፣
ኪራይዋ ላይ ይህንንም ታስባለች።

ደግሞ አንድ ነገር አለ።
ሞተሯ ሁለት ነው፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፤
ግራው የአራጋው ነው፣ ቀኙን እኔ ያዝኩኝ።
በእኩል ገንዘብ ገዛን፣ በአንድ ብሩሽ ቀባን፣
ከዚያ በአንዲት የነዳጅ ሒሳብ ተጣላን።
ነሐሴን በሙሉ ቃል አልተለዋወጥንም።
ያን ሰሞን መንታዪቱ
እንደ አውድማ በሬ ስትዞር ዋለች፤
እስጢፋኖስ ወዲያ፣ እሷ ሸምበቆ ውስጥ ገባች።
የከተማው ሰው ዳር ቆሞ ቆሎ እየቆረጠመ
አየን።

አሁንም ብዙ አናወራም።
እሱ ሁለት ጣት ካነሣ እቀንሳለሁ፣
እኔ ቆቤን ካወለቅሁ ይጨምራል፣ አውቃለሁ።

ጦይባ፣ የእህቴ ልጅ፣ መረቡ ላይ ተኝታ
«አጎቴ፣ ሁለቱ ሆዶች ለምን አይጠጋጉም?» አለች አንድ ማታ።
«ቢጠጋጉማ ግንድ ነው፤ ይንከባለላል» አልኳት፤
«አራት ክንድ ተራርቀው ነው የተሸከሟት።»
ይህን ብዬ ዝም አልኩ።
አራጋው ከግራ በኩል አልዞረም፤
ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር፣ ወይ ፀሐይዋ ይሆናል።

እንግዲህ ብቻህን ከሆንክ፣ ከቸኮልክ፣
ቀጭኗን ውሰድ፤ ለልብስህ ግን ቅያሪ ያዝ።
እናትህ አብራህ ካለች፣ ወይም ገና ያልታረቅከው ሰው፣
መንታዋ ትሻልሃለች፤ መሐሏ ሰፊ ነው።

ገንዘቡን ለአራጋው ስጠው።
እኔ አልቆጥርም።