የማያሳንስ

ቱሪድ ከቫርዶ ናት፣ መስኮቷ ባሕር ያያል፤
የሟች ባሏ ፎቶ በሺህ ይቆጠራል፤
ለሙት ዓመቱ ቀን፣ ከአኮርዲዮን ጋራ
ሦስት ፕሮግራም ጫነች፣ ሞከረች በተራ።

አንደኛው ፈጣን ነው፤ ግን ጥራት ያኮስሳል፣
ላባውን ከላባ እንደ ገንፎ ያማስላል።
ሁለተኛው ደግሞ ሥዕሉን ቢያከብርም፣
ሙዚቃው ያልቃል እንጂ ወፎቹ አያልቁም።

ሦስተኛው ኤሊ ነው። ዋጋው ይቆነጥጣል፤
እስኪከፍት ድረስ ሻይ ይቀዘቅዛል።
ግን አንዱን ክንፍ ወስዳ አጉልታ ብታየው፣
ከክንፉ ሥር፣ ከባሕሩ ማዶ፣ ያ ነጩ ምንድነው?
በረዶ ነው ስትል የኖረችው?
አንሶላ። የራሷ። ገመድ ላይ ያሰጣችው።

አርንፊን ወፍ ብሎ በጀልባ ወጥቶ፣
ቤቱን አነሣ ወይ? ወይስ ተሳስቶ?

መልስ የለም። ሻይዋን እንደ በረደ ጠጣችው፤
ካርዷን ፈልጋ ኤሊውን ገዛችው።