ጥጥ ይገባል

ፒያሳ፣ ምድር ቤት፣ ከደረጃው በታች፣
መስኮቴ እግር ያሳያል፣ ፊት ግን አያሳይም፤
የሱሪ ጠርዝ አይቼ ሰፊውን አውቃለሁ፣
ባለቤቱን ግን ሰላም ብዬው አላውቅም።

እንዳልክ መጣ በሐምሌ፣ ጃኬቱ እየነጠበ፣
ሦስት ሜትር ጥጥ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልሎ፤
«ስታዲየም ጀርባ ነው በማሽን ያሳተምኩት፣
ለእማዬ ብርድ ልብስ…» አለኝ ቸኮል ብሎ።

ዘረጋሁት። በር ነው።
በር ከበር አጠገብ፣ ስድስት በስድስት ሆኖ፣
ቆርቆሮው ከነዝገቱ፣ ቀለሙ ከነቅርፊቱ፣
የቤት ቁጥሩ ሳይቀር፣ ጫፉ ከፈሰሰው ነጭ ጋር፤
ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት በስልኩ ያነሳው፣
አራተኛ ፎቅ ወጥታ እናቱ እንቅልፍ ያጣችለት በር።

«ኩዊልት ነው የሚሉት፣ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ፣
መሀሉ ጥጥ ገብቶ…» ሊያስተምረኝ ጀመረ።
ድሪቶ ነው፣ ልጄ!
እናቴ ከአባቴ ሱሪ፣ ከስኳር ከረጢት ጥፋ፣
እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የምትወትፈው፣
ዛሬ በቀጠሮ፣ በቀብድ ሊሰፋ!

«ዛሬ አይቆረጥም» አልኩት።
«መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ። ጥጥ ይገባል።»
«የት ይገባል?» አለኝ። የዘንድሮ ልጅ።
«ወደ ራሱ።»

ቀዝቃዛ ውኃ በሳፋ፣ ሳሙናው ለስሙ ያህል፣
በረኪና በሩቁ፣ ሽታውም እንዳይደርስ።
አደረ። በደረጃው ጥላ ሰቀልኩት፤
ሐምሌም ቢሆን ፀሐይን አላምናትም፣
ብልጭ ባለች ቁጥር ቀለም ትልሳለች።
ስለካው በሜትሩ ሦስት ሴንቲ ጎድሏል፤
በሮቹም አብረው ገቡ፣ ቁመታቸው አጠረ።
ድሮም በዚያ ሰፈር ጎንበስ ያላለ አይገባም፤
አሁንማ መዳህ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ጠመኔዬን ይዤ፣ መስመር እያሰመርኩ፣
ሃያ ሦስተኛው በር ላይ መቀሴ ቆመ።
ከጎኑ፣ ህትመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣
ግማሽ ታፔላ አለ፦ «…ፌት ቤት» ይላል።
«የሐመልማል ስ…» የሚለው ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።
ሰማያዊ ነው፣ እኔው የቀባሁት፣
ታች ላይ ብሩሹ የቸኮለበት።
ልጁ አላወቀም። የጎረቤቴን በር ሲያነሳ
ሳያየኝ አንስቶኛል።

አንድ ሴንቲ ለስፌት ይበላል፤ የቀረው ቁራጭ ነው፤
ቁራጭ ደግሞ የሰፊ ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው።
መሳቢያዬን ከፈትኩ፤ ዚፕ፣ አዝራር፣ የተሰበረ መርፌ።
እዚያ ውስጥ በር ለማን ይከፈታል?
መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ገጠምኳቸው፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣
ቁጥሩን ስፌት እንዳይውጠው እየፈራሁ።
ወይዘሮ ትርንጎንና ወይዘሮ ስንዱን ግን
ዳርና ዳር አደረግኋቸው፤
በቧንቧ ውኃ ተኳርፈው ነው ሰፈሩ የፈረሰው፤
ብርድ ልብስ ላይ እንኳ ሰላም ይደሩ ብዬ።

ባዘቶውን አነጠፍኩ፤
የእኔን ግማሽ በር ከባዘቶው ላይ አስተኛሁ፤
ሠላሳ ስድስቱን በሮች ከላይ አለበስኩት።
አይታይም። በመዳፍ ለዳሰሰው ግን
ከግርጌ፣ በስተግራ፣ ትንሽ ወፈር ይላል።

ሊወስድ ሲመጣ አስጠነቀቅሁት፦
«ገልብጣ ትጠበው፣ በቀዝቃዛ። እንዳትጨምቀው፣
ውኃው በራሱ ጊዜ ይውረድ። ካውያ ካማራት በጀርባው።
የፎቅ በረንዳ ፀሐይ እንደሚበዛው አውቃለሁ፤
ወንበር ላይ ታስጣው፣ ቤት ውስጥ።»
«ይደበዝዛል?»
«ይደበዝዛል። ቀስ ብሎ።»
ገንዘቡን ቆጠረ። በር ላይ ዞር አለና
«ቁራጭ አልተረፈም?» አለኝ።
«ገባ» አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገባው ሰው።

ደረጃውን ሲወጣ እግሩ በመስኮቴ አለፈ።
የሱሪው ጠርዝ በቀኝ በኩል ተተርትሯል፤
የእኔ ስፌት አይደለም።