የዜሮዎች ጎተራ

በሂዩማ ደሴት፣ ምድር ቀጥና ቀጥና ባሕር በምትሆንበት፣
ከመብራት ማማው ሥር፣ ነፋስ በጎበጣት የእንጨት ቤት፣
አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለች፣ ጆሮ የገጠሙላት።
ማይክሮፎኑ ጣሪያ ላይ፣ ሽቦው በመስኮት።
ሥራዋ መስማት ነው፤
በጨለማ የሚያልፈውን ወፍ በድምፁ ለይታ
ስሙን ከነሰዓቱ መመዝገብ፣ ማታ በማታ።

ቬሎ ነው ያቆማት። ሠላሳ ዓመት በመነጽር ሲቆጥር ኖሮ
ዓይኑን ሞራ ቢጋርደው፣ ቆጠራውን ሰጠው ለሷ ጆሮ።

በጥቅምት አንድ ቀን ንፋሱ ከሰሜን ዞረ፤
ከሩሲያ ረግረግ የተነሣው ዳክዬ ሁሉ በአንድ ሌሊት በረረ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ።
«ትሪኑ፣ በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ተገደለ ይላል።
ማን ነው የተገደለው?»
አንዲት ቃል፣ በጥቁር ስክሪን ላይ፣ ነጥብ እንኳ የላት።
መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አዘንኩለት።

ከርነሉ ነው ገዳዩ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤
ራሟ ሁለት ጊጋ ነው፣ ከዚያ በላይ የላትም።
ሲጠብበት ከሁሉ የወፈረውን መርጦ ያጠፋል፣
ቤቱ ከሚፈርስ አንድ ሰው ይውጣ ይላል።
የወፈረው ደግሞ ሰሚው ነበር፣
አሥር ሺህ ክንፍ በጉንጩ ይዞ፣ ሳይውጥ፣ ሳይናገር።

ሲነጋ በብስክሌት ደረስኩ፣ ጓንቴ እንደራሰ።
ስንት ቀረሽ አልኳት፤ የስዋፑ መስመር ላይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
ዲስኳ ግን ሰፊ ነው፣ ማንም ያላረሰው መሬት፤
አራት ጊጋ ቆርሼ ከዳር አጠርኩላት፣
ማለቂያ ከሌለው የዜሮ ምንጭ እየቀዳሁ ሞላሁት።
ቬሎ ከኋላዬ ቆሞ «በምን ሞላሽው?» ሲል፣ «በምንም» አልኩት።
«ባዶን በባዶ?»
«ቦታው ይያዝ እንጂ፤ ክፍተት ካለው አይሆንም፤
ቀዳዳ ያለው ጎተራ፣ እህል አያድርበትም።»

ከዚያ ቆለፍኩት፤ ስድስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
ከባለቤቱ በቀር ማንም አያንብብ፣ ማንም አይጻፍ።
መያዝ ያቃታትን ሁሉ እዚህ ነውና የምታስቀምጠው፣
የይለፍ ቃልም ይሁን ሐሜት፣ ሳትለይ ነው።
ስዋፕ ነህ ብዬ ፊርማ አኖርኩበት፣ ተነሥ አልኩት፣ ተነሣ።
ደግሞ ጠፍታ ስትበራ እንዳትረሳው
በመዝገቧ አንድ መስመር ጻፍኩላት።
አንድ ፊደል ስቼ ኖሮ፣ ስትነሣ አኮረፈች፤
ቬሎ ብስኩት አመጣ፤ አረምኩት፤ ነቃች።

«ይፈጥናል?» አለኝ።
«አይፈጥንም። ዲስክ ነው፤
ዕቃ ሊያመጣ ጓዳ ገብቶ እንደሚቆይ ሽማግሌ ነው።»
ሳቀ። «እንግዲያ ዘመዴ ነው።»

በሳምንቱ ንፋሱ ደግሞ ዞረ።
ዳክዬው፣ ዝይው፣ ስሙን የማላውቀው ትንሽ ፉጨት ሁሉ
በጣሪያው ላይ አለፈ።
ዲስኳ እስኪነጋ ቀጭ ቀጭ ስትል አደረች፣
ከጎተራ እየከተተች፣ ከጎተራ እያወጣች።
ጠዋት ዝርዝሩ አልወጣም። ማታም አልወጣም።
ያች ቃል ግን አልመጣችም።

በሦስተኛው ቀን፣
ወፎቹ ሌላ አገር ሐይቅ አግኝተው ካረፉ በኋላ፣
የመጨረሻው መስመር ወጣ።
«አንብቢልኝ» አለ ቬሎ።
ዳክዬ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ፤ ብቻውን፤ ወደ ደቡብ።
እርሳሱን በጣቱ ፈልጎ አገኘ፣
በደብተሩ ላይ፣ በትልቁ፣
አንድ ብሎ ጻፈ።