የፊደል ለቃሚው ኑዛዜ

ጋላጽ ከተማ፣ ከዳኑብ ወንዝ ዳር፣
ዕድሜዬን በሙሉ ፊደል ስለቅም ነበር።
እርሳስ ለጣቴ፣ የፕሪም አረቄ ለጉሮሮዬ፤
ሌላ ምን አለኝ? ይኸው ነው ኑሮዬ።

ሁለት ረቂቅ መጣ፣ በአንድ ሰኞ፣ በአንድ በር።
የኦክታቭ ብሩማ፣ የጉምሩኩ ጸሐፊ፣
ስለ ጎርፍ ነበር፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ለፍላፊ።
የስማራንዳ ቮርኒኩ፣ የሒሳብ መምህር፣
ዐሥራ አንድ ዓመት የፈጀ፣ ስለ ድርቅ ነበር፤
ወንዙ ሲጎድል፣ ሲጎድል፣ መርከብ ጭቃ ላይ ሲያድር፣
ዓሣ አጥማጁ በእግሩ ወደ ማዶ ሲሻገር።

የኦክታቭን ጀመርኩ፤ ሰለቸኝ፤ ጠጣሁ፤
ገጽ ሠላሳ ላይ ትቼው ወጣሁ።
ስመለስ የሆሄውን ሳጥን በክርኔ ገለበጥኩት፤
ለመስከረም የተባለውን ግንቦት ድረስ አቆየሁት።
የእሷን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት።
ሌሊት ሌሊት ሠራሁ፣ አንድ ጠብታ ሳልቀምስ።
ስለ ጥም እየለቀመ ሰው እንዴት ይጠጣል?
ጣቴ በእርሳሱ ሳይጠቁር በአቧራው ይነጣል።
«ለሚመጣው ዓመት» ያሏትን፣ «ለፋሲካ ይወጣል»
አልኳት።
ለፋሲካም ወጣ።

ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ዳኑብ ተነሣ።
አልጮኸም። በሌሊት ገብቶ ከየምድር ቤቱ ወንበር አነሣ።
ሲነጋ በዋናው ጎዳና የሚሄደው ታንኳ ነው።
ስማራንዳ መጽሐፏን በራሷ ላይ ተሸክማ፣
ውሃው ከጉልበቷ በላይ፣ ከመደብሩ ደጅ ቆማ፣
«ስለ ድርቅ ነው» ብትለው፣ ባለመደብሩ ሳቀ።
ክፉ ሳቅ አልነበረም፤
ከቤቱ ያልረጠበ ሳቁ ብቻ ነበር።
አራት መቶው ቅጂ፣ በገመድ እንደ ታሰረ፣
ዳቦ ቤቱ ደፍ ላይ፣ ከአሸዋ ጆንያ ጋር ተደረደረ።
ውሃ አቁሟል ይላሉ።
ለአንድ ሌሊት ያህል።

የኦክታቭ ያን ሰሞን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ከእጄ ወጣ።
ጋዜጣው «ነቢይ» አለው፤ ከዋና ከተማ ሰው መጣ፤
በባቡር ጣቢያው ሳይቀር ሰልፍ ነበር ለእሱ፤
ሽልማት፣ ደረቅ ቤት፣ ባለ ፀጉር ካፖርት ለልብሱ።
አቅፎኝ አለቀሰ። «ሳትቸኩል በመሥራትህ» አለኝ፣
«ወንድሜ» አለኝ፣
የሰካራም እጄን ሳመ።

ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አሉ።
ድንጋዩንስ ማን ጠየቀ፣ ቅሉን ሲያደንቁ ሁሉ?
እኔስ መች ጠየቅሁ? ደጇ ጋ ስደርስ መንገድ ቀየርኩ።
እሷ ማስተማሯን ቀጠለች። ሌላ አልጻፈችም፤
ጽፋም እንደሆን፣ ለእኔ አላመጣችም።

ሠላሳ አንድ ዓመት።

ከዚያ ዳኑብ ጎደለ። መጀመሪያ አሸዋ አወጣ፣
ቀጥሎ ድሮ የሰጠመ ጀልባ፣ የጎን አጥንቱ የነጣ።
የዳቦ ቤቱን ደፍ ሊጠግኑ ሲያፈርሱ፣
አንድ ቅጂ ተገኘ፤ አብጦ፣ ደርቆ፣ የተረሳ ዳቦ መስሎ።
የጋጋሪው ልጅ በከተማው ሬዲዮ፣
ማታ ማታ አነበበችው።
ሰው መስኮቱን ከፍቶ፣ በዚያ ሙቀት፣
የራሱን ወንዝ ሰማ።

ጋዜጠኛ ወደ ስማራንዳ ደጅ ጎረፈ።
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ደክሟል።
«እንዴት አስቀድመሽ ዐወቅሽ?»
«አላወቅሁም» አለች፤ «የጻፍኩት ያለፈ ነው፤
እናቴ ልጅ ሳለች ያየችው በጋ።
ከፊታችሁ ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ።»
በኦክታቭ ገጾች ዛሬ፣ ነፍሱን ይማርና፣
ገበያ ውስጥ የሱፍ ፍሬ ይጠቀለላል።

ትናንት ሄድኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣
በመንገድ ሁሉ ያጠናሁትን፦
«ያፋጠንኩት እኔ ነኝ፤ የሱን ያዘገየሁትም እኔ፤
አንዱ በፍቅር፣ አንዱ በስካር…»
አላስጨረሰችኝም።
መነጽሯን ፈለገች፣ መጽሐፉን ገለጠች፣
ገጽ መቶ አራት ላይ ጣቷን አኖረች።
«‹ውሃ ጠማን› ብዬ የጻፍኩትን
‹ውሃ ጣመን› ብለህ ለቅመኸዋል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ልነግርህ ስጠብቅ።
አዲሱ እትም ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤
ደግነቱ፣» አለች፣ እርሳስ እያቀበለችኝ፣
«በጊዜ መጣህ።»