ዓርብ ማታ፣ ግሮኒንገን

ምንጣፉን ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር ደበቅኩት፣
የሶፋውን ትራስ ሣጥን ላይ ሰቀልኩት።
ፍራሹን ላስቲክ አለበስኩ፤ እጄ በነካው ቁጥር
ይንኮሻኮሻል፣ የቆሎ ከረጢት ይመስል በአይጥ ሲበረበር።
ምንትዋብ ሳቀችብኝ፦ «ጎርፍ ነው ወይ የምትጠብቅ?
ይህ አገር ግድቡን ሠርቶ ጨርሷል፣ አትጨነቅ።»

ፖፖው ከቦዩ ማዶ ካለው አሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው፤
ባለሱቁ ዊበ ይባላል፣ እኔ ግን ውቤ ነው የምለው።
ሁለት ዩሮ ተኩል ተቀብሎ፣ ጠርዙን በእጅጌው አብሶ
«ብዙ ሰው አሳድጓል» አለኝ፣ በግ ሻጭ ይመስል ላት ዳብሶ።
ቢጫ ነው፤ ዳክዬ ተሥሎበታል፤ የዳክዬው ዓይን ግን የለ፣
ከእኛ በፊት የተቀመጠ ልጅ በጥፍሩ ፍቆታል፣ እያማጠ፣ እየታገለ።

ሽንት ቤታችን ከቁም ሣጥን አይሰፋም፣ ማሞቂያም የለበት፤
ስቀመጥ ጉልበቴ በሩን ያንኳኳል፣ እንግዳ ይመስል በገዛ ቤት።
በበሩ ጀርባ ቀን መቁጠሪያ አለ፤ እዚህ አገር ልማዱ ነው፣
የሰው ሁሉ ልደት የሚጻፍበት፣ ሽንት ቤት ውስጥ የሚሰቀለው።
የቀድሞዋ ተከራይ ትታው ሄዳለች፣ ከነስሞቹ፦
ማርች ሦስት ያኔከ፣ ማርች ዘጠኝ ፎከ፣ ከዚያ መንትዮቹ።
አንዳቸውንም አላውቅ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ሳነባቸው
ያኔከን በቀኗ «እንኳን አደረሰሽ» እላታለሁ፣ ቁጭ ብዬ በመካከላቸው።

መረገጫ ሠራሁ፣ የዕቃ መጫኛ ጣውላ ሰንጥቄ፣
እግሩ እንዳይንሸራተት የብስክሌት ጎማ ቆርጬ አጣብቄ፤
ለትልቁ መቀመጫ ትንሽ ቀለበት፣ ለሌሊት ድንች የምታህል መብራት፣
ሰባት ሙታንታ፤ ለሳምንት ይበቃል ብዬ። አይ ጅልነት!

እናቴ በስልክ ዝርዝሩን ሰማች፣ ሰማች፣ ሰማችና፦
«ሠርግ ነው እንዴ የምትደግሰው? ድንኳኑ አልተተከለም ገና?
አንተ ሸሚዝ ብቻ ለብሰህ አደግክ፤ ሱሪ መቼ ታወቀ?
ሜዳው አስተማረህ፣ ፀሐይ አደረቀህ፣ በቃ፣ አለቀ።»
እማዬ፣ እዚህ ፀሐይዋ ራሷ ዳይፐር የታጠቀች ናት፣ አልኳት፤
ሜዳ ከየት ይምጣ አራተኛ ፎቅ ላይ? ከታች ሴትዮ አለች፣ የኔ ወለል ጣሪያ የሆናት።

ቅዳሜ ነጋ፤ ዳይፐሩ ወለቀ። ያፌት፣ የሁለት ዓመት ተኩል ጌታ፣
ፖፖውን ዞረው፣ አሸተተው፣ ራሱ ላይ ደፋው በደስታ።
እስከ ስድስት ሰዓት ሰባቱም ሙታንታ ማሞቂያው ላይ ተሰጡ፣
ያልረጠበ የለም፤ መረገጫው፣ የመጻሕፍቱ ጥግ፣ የጫማዬ ውስጡ።
ፖፖው ብቻ ደርቆ ዋለ። ያ ዳክዬ ዓይን ቢኖረው
በጥቅሻ በገደለኝ፣ ምንትዋብ ወለሉን ስትጠርገው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ፤ ነቃሁ፤
አልጋው ባዶ ነው። በድንቿ ብርሃን ኮሪደሩን ተከተልሁ።
ያፌት ሱሪ የለውም፤ የዝናብ ቦት ጫማውን ግን ተጫምቷል፣ ግራውን በቀኝ፤
ፖፖው ላይ ተቀምጧል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «ሂድ» አለኝ።
ሄድኩ። ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ፣ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ፤
መስኮቱን የሚመታ ካፊያ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ተጠራጠርኩ፤
ዝናቡ ከውጭ አልነበረም።

አላጨበጨብኩም፤ የታችኛዋ ሴትዮ ተኝታለች። እሱም አልጠራኝም፤
ፖፖውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ ግማሹን እግሬ ላይ ደፋው፤ ግድ አልነበረኝም።
ምንትዋብ የተረፉትን ዳይፐሮች ከቁም ሣጥኑ ጥግ አኖረች፤
«አንድ ሌሊት ሌሊት አይባልም፣ አትቸኩል» አለች።

ቸኮልኩ። ጠዋት እስክሪብቶ ይዤ ገባሁ ወደዚያች ጠባብ ክፍል፤
ኦክቶበር አሥራ ዘጠኝ፣ በሄንድሪክና በአንድ በተሰረዘ ስም መሐል
«ያፌት» ብዬ ጻፍኩ። ልደቱ በጁን ነው፤ የሚቀጥለው ተከራይ ግን በምን ያውቃል?
በየዓመቱ ያ ቀን ሲመጣ፣ ጉልበቱ በሩን እየነካ፣ «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል።