ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ሰባት

ኮሶዬ አፋፍ ላይ፣ መስከረም በባተ በዘጠኝ፣
ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መጣሁ ቀረሁ ሲለኝ፣
በደረቴ ተኝቻለሁ፤ ባንድ ዐይኔ አጉሊ መነፅር፣
ሌላውን ዐይኔን ጨፍኜ፣ በተማሪ ማስመሪያ ስሰፍር።

ኦርኪድ ናት። ቁመቷ ስንዝር፣ መልኳ ከሣሩ አንድ ዓይነት፤
ላላያት ሰው ሣር ናት። ላያት ሰው ጣጣ ናት።
ከንፈሯ ሦስት ላይ ተሰንጥቋል፤ ከኋላዋ ጭራ አላት፣
ቀጭን፣ ባዶ እንደ ሸምበቆ፣ ጫፉ ላይ ማር የተቋጠረበት።

መለያ መጽሐፉ መርማሪ ነው፤ አዎን ወይ አይደለምን ብቻ ያውቃል፦
«ጭራው ከፍሬ ማኅደሩ ይረዝማል? ዐሥራ አራትን ተመልከት።
ያጥራል? ዐሥራ ሰባትን።»
ለካሁ።
የታችኛዋ አበባ ዐሥራ አራት።
የላይኛዋ ዐሥራ ሰባት።
ባንድ አገዳ ላይ። ካንድ እናት።

አዛናው፣ የደኑ ጠባቂ፣ ካፖርቱን አገጩ ድረስ ቆልፎ፣
«አገኘሃት?» አለኝ።
«ማን እንደሆነች አላወቅሁም።»
«አፍንጫህ ሥር እኮ ናት!»

ዐሥር ርምጃ ቁልቁል፣ ሌላዋ፤ ጭራዋ እንደ ቀንድ የተቆለመመ።
ሃያ ርምጃ፣ አስታው ሥር፣ ከንፈሯ ነጣ ያለ፣ የረዘመ።
ሁለት ዝርያ ናቸው ብዬ ደብተሬን ለሁለት ስከፍል፣
ሦስተኛዋ ትገባለች፣ እንደ ሽማግሌ በጠብ መሐል፣
በዚህ እጇ የዚህችን ትከሻ፣ በዚያ እጇ የዚያችን ይዛ።
ሰባ አንድ ቆጠርሁ።
ሰባ አንዱም እኅትማማች፣ ሰባ አንዱም ለየብቻ።

የአባቴ ስም ሣህሉ ነው።
ክርስትና ያነሣው ቄስ በንጉሡ ሠ ጻፈው፤
ቀበሌ በእሳቱ ሰ፤ ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ
ሀሌታውን በሐመሩ ሐ ለወጠችው፣ ማንም ሳይጠይቃት።
አባቴ ለሁሉም «አቤት» ይላል። አንድ ሰው ነው።
እንግዲያ ይቺም አንድ ናት፣ ልል ስል፣
ቅኔ ያስተምር የነበረው አጎቴ፣ ከነአለንጋው፣ ትዝ አለኝ፦
ሠረቀ ካልህ፣ ወጣ፤ ፀሐይ ነው።
ሰረቀ ካልህ፣ ሌባ ነው።
ላንዲት ፊደል ስንት ልጅ ተገረፈ!

ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍላችን፣
መምህሬ ባንቺአምላክ መሳቢያ ውስጥ አንዲት የደረቀች አበባ አለች፤
ሦስት ስም ተለጥፎባታል፣ ሦስቱም በርሷ እጅ ጽሑፍ፣
አንዱ ሌላውን ሰርዞ። «የድሮውን ቅደጂው» ሲሏት እንቢ አለች፤
«ምናልባት ብመለስበት።»

ሊመሽ ሲል አዛናው፣ ድንገት፦ «ይቺ ማታ ትሸታለች።
ያቺ አትሸትም።»
መጽሐፉ ይህን አልጠየቀም።
ተንበረከክን፣ ሁለት ጎልማሳ፣ ጀርባችንን ለጎንደር ሰጥተን፣
አፍንጫችን ሣር ውስጥ። ብርዱ ነው መሰለኝ፣
እኔ የሸተተኝ የእርጥብ ካፖርት ሽታ ብቻ ነበር።
የእሳት ራት መጣች። አንዷን ዘለለች፣ አንዷን ጠጣች፣
መካከለኛዋ ላይ አንዣበበች፣ ዞረች፣ ተመለሰች፤
ጨለማው እሷንም ውሳኔዋንም ዋጠው።

አልነቀልኋትም። ሥሯ ሁለት ትንንሽ ድንች ነው፤ አንዱ የዘንድሮ፣
አንዱ የከርሞ። በከርሞው ምን አገባኝ።
ፎቶ፣ ከፍታ፣ ቀን። ከስሙ ጎን አንድ ቃል ጨመርሁ፣
እርሳሱ በረጠበው ወረቀት ላይ እየተንሸራተተ።
«ምን ብለህ ጻፍክ?»
«ትመስላለች።»
አዛናው ጎንበስ አለ፣ አራስ ቤት እንደገባ ሰው፣
ባትሪውን በመዳፉ ጋርዶ፦
«ማንን?»