የላሚሶ መልቀሚያ

ታቦር ከጀርባችን፣ ሐይቁ ከፊታችን፣
በሽቦ ታጥሮ ነው የቴኒስ ሜዳችን፤
«ሜዳችን» አልኩ እንጂ ሜዳው የሆቴሉ፣
የኛስ ድርሻ መልቀም ወድቆ የቀረ ሁሉ።

በቅርጫት ሦስት ብር፤ ቅርጫቱ ሰባ ኳስ፤
ሰባ ጊዜ ቀና፣ ሰባ ጊዜ ጎንበስ።
ሒሳብ የማይወድ ልጅ በወገቡ ያሰላል፤
ማታ ሲተኛ እንኳ ጣቱ ኳስ ይለቅማል።

አባ ኮዳ ሲያየን ከዋርካው ጫፍ ሆኖ፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ ካፖርት ተጀቡኖ፣
«ዘመዶቼ» ሲለን ይሰማኝ ነበረ፤
እሱም የወደቀ ሲለቅም የኖረ።

ላሚሶ ግን ሌላ ነው።
ኳስ እንዲለቅም ልከውት ቆሞ ያስባል።
አባቱ አሮጌ ገበያ ብስክሌት ይጠግናል፤
ሌላው ልጅ ፊደል ሲቆጥር
እሱ የተጣመመ ሽቦ ሲያቃና አድጓል።

አንድ ክረምት ሙሉ ሽቦ ሲያጎብጥ ከረመ።
በሽቦና በሽቦ መሃል ያለውን ክፍተት
በክብሪት እንጨት ለካ፤
ከሰፋ ያፈስሳል፣ ከጠበበም አይበላ፤
የመጀመሪያው ተሰበረ፣ ሁለተኛው ላላ፣
ሦስተኛው የአሰልጣኝ ዘካርያስን ጫማ በላ።

አራተኛው—
እጀታው የመጥረጊያ፣ ሆዱ ድንቡልቡል፣
ሲገፉት እያንሾካሾከ ሜዳው ላይ ሲንከባለል፣
ኳሱ ሽቦውን ፈልቅቆ ሰተት ብሎ ይገባል፤
መግባቱን ያውቃል እንጂ መውጣቱን ይረሳል።
ቆመን አየን። የማንም ወገብ ሳይታጠፍ
ሰባው ኳስ አለቀ አንድ ባጃጅ እስኪያልፍ።

አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፣ አልክድም።
ሥራ አስኪያጁም አየ። እሱ አላጨበጨበም።
ቆጠረን።
«ስድስት ናችሁ?» አለ።
በማግስቱ ሁለት ሆኑ።

እኔ ከአራቱ ነኝ።
ላሚሶ ፒያሳ ሲመጣ አይቼ መንገድ ቀየርኩበት።
ጥፋቱ ምን ነበር? ወገቤን ማሳረፍ።
አረፈ።
ከነደሞዙ።

እሁድ ነው፣ ደጃችን ቆሞ አገኘሁት።
ይቅርታ አላለኝም፤ ይቅርታ አያውቅበትም።
ያመጣው ግን አሸዋ የሞላበት አሮጌ ጎማ፣
ከጎማው መሃል ችንካር፣
ከችንካሩ ላይ ከካላማዳሪ የተቀደደ ረጅም ጠፍር፣
ከጠፍሩ ጫፍ አንድ ጠጉሩ ያለቀ ኳስ።
ራኬቱን ከሳጥን ጣውላ ነው የጠረበው።
«ምታው» አለኝ።
መታሁት። የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ሊያልፍ ሲል
ጠፍሩ ተለጠጠ፣ አሰበ፣ ኳሱም ተመለሰ።
«ይኼን ማንም አይለቅመውም» አለ። «ራሱ ይመጣል።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ኳስ በእጄ ሳመላልስ
አንድ ቀን እንኳ መትቼ አላውቅም ነበር።
እዚያ ደጃፍ ላይ ነው ትዝ ያለኝ።
ደጋግሜ መታሁት።
ላሚሶ ኮቴው ላይ ተቀምጦ ጠፍሩን እንጂ እኔን አያይም፤
«እዚህ ጋ ይላላል» እያለ ለራሱ ያወራል።

አሁን አቶቴ መንገድ ዳር አስራ አንድ ጎማ አለ፤
ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ተራ ይዘው ይጣላሉ።
ላሚሶ ሱቅ ከፍቷል፤ ሱቅ ከተባለ።
ባለፈው አንድ እንግዳ መጥቶ
«ለጎልፍ ትንሿን ሥራልኝ» ብሎ አዘዘው።
ላሚሶ ጎልፍ አይቶ አያውቅም፤
«ኳሷ ምን ታህላለች?» ቢለው ሰውየው «ሎሚ» አለው፤
ገበያ ወርዶ ሁለት ኪሎ ሎሚ ገዝቶ
ወለሉ ላይ በትኖ ሲለቅምበት አመሸ።
እኛም ሳምንቱን ሙሉ ሎሚ ስንጠጣ ከረምን።

እኔ ባጃጅ እነዳለሁ።
ወገቤ ግን እስካሁን ዝናብ ሲመጣ ያውቃል።

ትናንት የሊዲያ ጠፍር ተበጠሰ።
ኳሱ ቁልቁለቱን ይዞ ሐይቁ ዳር ወረደ፤
አባ ኮዳው አየው። እኔም አየሁት።
ሞተር አጥፍቼ ወርጄ ቀደምኩት፤
ጎንበስ ብዬ አነሳሁ።
ስንተኛዬ እንደሆነ አልቆጠርኩም።